የላቬል ቤት ልጆች

እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ረቡዕ ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2023 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ዴሊያ ማልኩዊን በአየርላንድ ምዕራብ፣ በማዮ ኮረብታ ላይ ያለውን የላቬሎችን አሮጌ ቤት በር አንኳኳች። ክረምቱ ገና አልለቀቀም፤ ሰማዩም በቅጡ አልነጋም። ከእኩለ ሌሊት በኋላ የጀመረው ዝናብ አባርቶ ጣሪያው ይንጠባጠብ ነበር። መልስ ስታጣ በሩን ገፋ አድርጋ ገባች።

ልጇ ጎሬቲ ከደረጃው ግርጌ በጀርባዋ ተጋድማለች። አንገቷ ወደ ጎን ዞሯል፤ ዓይኗ አልተከደነም።

ዴሊያ ለፖሊስ ደወለች። ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ የቀዘቀዘውን እጅ በሁለት እጇ ያዘች። ፖሊስ ሲደርስ እንደዚያው ነበረች። ከፖሊሶቹ ኋላ ማላኪ ላቬል ገባ፤ ጎሬቲ አብራው ያደገችው ወንድሟ፣ ከኮረብታው ሥር አዲስ ቤት የሠራ ገበሬና የወረዳው ምክር ቤት አባል ነው።

«ይቺን ሴትዮ ከእህቴ ላይ አንሱልኝ» አለ። «ማን እንደሆነች እንኳ አይታወቅም።»

እውነቱን ነው፤ በወረቀት ዴሊያ ማንም አልነበረችም። በ1968 ገና አሥራ ሰባት ዓመቷ ሳለ ሳታገባ አረገዘችና አባቷ ወስዶ መነኮሳት ለሚያስተዳድሩት ቤት አስረከባት። እንደሷ ያሉ ልጃገረዶች የልብስ አጥቢነት ሥራ እየሠሩ የሚወልዱበት ቤት ነበር። ሴት ልጅ ወልዳ ስድስት ሳምንት አጠባቻት። አንድ ጠዋት ሲስተር ቤኒግነስ የምትባል መነኩሲት መጥታ ሕፃኗን ጥሩ ልብስ አልብሺያት አለቻት፤ ዴሊያ አለበሰቻት፤ መነኩሲቷ ወሰደቻት። ያለቀው እንዲህ ነው። ዴሊያ የጉዲፈቻ ወረቀት አልፈረመች፣ ማንም ፈርሚ አላላትም። ከብዙ ዓመት በኋላ ተመልሳ ስትጠይቅ መዝገቡ በእሳት ተቃጥሏል አሏት።

ባለፈው መከር አዲስ ሕግ ወጣና በጉዲፈቻ ያደገ ሁሉ መዝገቡን የማየት መብት አገኘ። አሳዳጊዎቿ ከሞቱ ወዲህ በአሮጌው ቤት ብቻዋን የምትኖረው ጎሬቲ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ነበረች፤ ከእነሱ አለመወለዷን ከልጅነቷ ጀምሮ ትጠረጥራለች። አመለከተች። የመጣላት መልስ በስምሽ የጉዲፈቻ መዝገብ የለም የሚል ነው። የልደት ምስክር ወረቀቷ እዚሁ ቤት፣ ከወይዘሮ ላቬል ማህፀን እንደተወለደች ይናገራል፤ ዶክተር ታይናን የተባለ ሐኪም አዋልጃለሁ ብሎ ፈርሞበታል። በጉዲፈቻ ስላልተሰጠች የሚከፈትላት መዝገብ አልነበረም። አየርላንድ ውስጥ እንደሷ በሐሰት የተመዘገቡ ብዙ ናቸው። እናትና ልጅን ያገናኛቸው ዝምድናን የሚያሳይ የምራቅ ምርመራ ነው፤ ባለፈው ኖቬምበር፣ በአውቶቡስ ማቆሚያ ላይ ተያዩ።

እና ማላኪ ያን ጠዋት ቆርጦ ተናገረ። እህቴ ላቬል ሆና ከላቬሎች መቃብር ትገባለች፤ ይቺ ሴትዮ ለቅሶውም ቀብሩም ላይ ድርሽ እንዳትል። ዴሊያ የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጇ ራስጌ ተቀምጣ እናቷ ነኝ ብላ መቅበር። ይህንን ሲከለክላት ሕግ ከማላኪ ጋር ነበር።

መርማሪ ሳጅን ኢታ ኪልባን ረፋድ ላይ ደረሰች። አጠር ያለች፣ ጉንፋን የማይለቃት ሴት ናት። ከብት አርቢ ቤት ያደገች ስለሆነች የሰው ወለል ማቆሸሽ አትወድም፤ ጭቃ የጠገበ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ በሱፍ ካልሲ ገባች። ወጣቶቹ ፖሊሶች ተያዩ። ከደረጃ ወድቃ ነው የሞተችው አሏት፤ አሮጊቷ ግን መጨረሻ ያየቻት እሷ ስለሆነች ብትጠየቅ ጥሩ ነው አሉ።

ኢታ ሬሳው አጠገብ ተንበርክካ ብዙ ቆየች። የጎሬቲን ትከሻ ቀና አድርጋ ሹራቧን ከጀርባ አየች። ተረከዟንም አየች።

«ደረጃው ምንጣፍ ለብሷል» አለች። «ደም የለበትም። ከደረጃ የወደቀ ሰው ጀርባው ላይ አመድ ከየት ያመጣል?»

ወደ ማዕድ ቤቱ ሄዳ ምድጃውን ዞረችው። ዳር ዳሩን ከከበበው ድንጋይ አንዱ ማዕዘን ከሌላው ይልቅ ንጹሕ ነበር፤ ሰው አጥቦታል። ጎሬቲ እዚህ ተገፍትራ ወድቃ፣ ኋላ ተጎትታ ደረጃው ሥር መጋደሟን ያኔውኑ አወቀች። አስከሬኑን ያየው ሐኪምም የሞተችው ትናንት ማታ ነው፣ እኩለ ሌሊት ሳይሞላ አለ።

ከዚያ ኢታ ዴሊያን ቁጭ አድርጋ ትናንትን አስተረከቻት። ዴሊያ ቀስ ብላ ነገረቻት። ሳይጨልም አብረው ወደ አጥሩ በር ወጥተው ነጭ የተልባ እግር ጨርቅ እሾሁ ዛፍ ላይ አሰሩ። በዚያ አገር የቅድስት ብሪጂድ በዓል ዋዜማ ሲሆን ጨርቅ ውጭ ያድራል፤ ቅድስቲቱ በሌሊት ስታልፍ ትዳስሰዋለች፤ ጠዋት ፀሐይ ሳያየው ይገባና ዓመቱን ሙሉ የታመመ ይታሰርበታል። ጎሬቲ ስታስር ትስቅ ነበር። ለጊዜው ዴሊያ እያልኩ ልጥራሽ፣ እናት ማለቱን ለፋሲካ አስቀምጪልኝ አለቻት። ማታ ዶክተር ታይናን ሊመጣ መሆኑንም ነገረቻት፤ አንቺን ካየ አፉን ይዘጋል ብላ ቶሎ ወደ እንግዳ ማረፊያዋ ሸኘቻት።

ኢታ ምንም ሳትጽፍ ሰማቻት። ተነስታ ክፍሎቹን አንድ በአንድ ማየት ጀመረች። ወይዘሮ ላቬል በሕይወት ሳለች የምትተኛበት የኋላ ክፍል ስትደርስ ቆመችና አንድ እግሯን አነሳች።

«ካልሲዬ ራሰ» አለች።

ቀና አለች። ከበሩ ጀርባ፣ ሚስማር ላይ፣ ነጭ ጨርቅ ተንጠልጥሎ ጠብ ጠብ ይላል።

ዴሊያ ከኋላዋ መጥታ አየችው። «ይሄማ ትናንት ያሰርነው ነው። እዚህ ክፍል እኔ ገብቼ አላውቅም።»

«ለማንም አይንገሩ» አለች ኢታ አፍንጫዋን እየጠረገች። «ደግሞ እስክጨርስ ድረስ አብረውኝ ይሁኑ፣ እማማ ዴሊያ። እነዚያ ልጆች እርስዎን ነው የሚጠረጥሩት፤ እኔ ጋ ከሆኑ ቢያንስ ለፍለጋ አይደክሙም።»

በማግሥቱ መጀመሪያ የሄዱት ሲስተር ቤኒግነስ ጋ ነው። ጡረታ የወጡ መነኮሳት በሚጦሩበት ቤት በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጣ ሬዲዮ ትሰማ ነበር። ኢታ ወንበር ስባ ዴሊያን ፊት ለፊቷ አስቀመጠቻት።

«ይቺ ሴት ድሮ አንድ ነገር ጠይቃዎት ነበር፣ ሲስተር። ዛሬ ይመልሱላት። እሳቱ የተነሳው መቼ ነው?»

መነኩሲቷ ሬዲዮውን ዘጋች። ዴሊያን አላየቻትም።

«እሳት አልነበረም» አለች። «እሳት ነበረ እንድንል ነው የታዘዝነው።»

«መዝገቡስ?»

«መዝገብ እንዳይኖር ነው እኮ ሕፃናቱ በዶክተሩ መኪና የሚሄዱት፣ የኔ ልጅ። በጉዲፈቻ ቢሆኑ ይጻፍ ነበር። ላቬሎች የተከበሩ ሰዎች ነበሩ፤ መሀን ተብለው እንዲታወቁ አልፈለጉም።»

ዴሊያ ሃምሳ አራት ዓመት ሙሉ ለዚህች ሴት የምትናገረውን ስታዘጋጅ ኖራ ነበር። ያን ቀን ግን ተነስታ ሬዲዮውን መልሳ ከፈተችውና ወጣች።

ዶክተር ታይናን ዳሌው በቀዶ ሕክምና ተቀይሮ በብረት ድጋፍ ነው የሚሄደው። ማክሰኞ ማታ ጎሬቲ ጋ በታክሲ ሄዶ ሻይ ጠጥቶ መመለሱን ነገራቸው፤ ስትሸኘው ደስ ብሏት በር ላይ ቆማ እጇን ታውለበልብ ነበር። ባለታክሲውም ይህንኑ መሰከረ። ምን ነገርካት ሲባል ግን የሕክምና ምስጢር ነው አለ።

«የሐሰት ልደት መፈረምም ሕክምና ነው?» አለችው ኢታ።

«ልጄ፣ ያን ጊዜ አልነበርሽም። እኛ ሰው ነው የረዳነው።»

ስለ ብሪጂድ ጨርቅ ስትጠይቀው ሳቀባት። ደብሊን ያደገ ሰው ጨርቅ ዛፍ ላይ አይሰቅልም አላት።

ማላኪን ያገኙት በረት ውስጥ ነው። አንዲት ላም ምጥ ላይ ነበረች፤ ጥጃው አልወጣ ብሎት ማላኪ ላብ በላብ ሆኗል። ኢታ ጃኬቷን አውልቃ አጥር ላይ ሰቀለችና እጅጌዋን ጠቅልላ አንዱን የጥጃ እግር ያዘች። ዴሊያ መስኮቱ በተከፈተ መኪና ውስጥ ሆና ሁሉን ትሰማለች።

«ፖሊስ ነሽ ወይስ አዋላጅ?» አለ ማላኪ።

«የመጣልኝን ነኝ። ይጎትቱ እንጂ።»

ጎተቱ። ጥጃው ዱብ አለ፤ ተነፈሰ። ሁለቱም ተደግፈው ቆሙ። ጥሩ ከብት በማየት የሚመጣ ፈገግታ የማላኪን ፊት ሞላው። ኢታ እናቷ የብሪጂድን ጨርቅ የምትሰቅለው ለወላድ ላም ብላ በረት ውስጥ እንደነበር አጫወተችው። እናንተ ጋስ አለችው።

«እናታችን ራስ ምታት ነበረባት» አለ። «የኋላ ክፍል፣ ከበሩ ጀርባ ሚስማር ላይ። የማስገባው ሁልጊዜ እኔ ነበርኩ። ጎሬቲ እንቅልፋም ስለሆነች አታምናትም ነበር። ጨርቁን ተቀብላ ግንባሬን በሱ ዳበስ ታደርገኛለች። አምሳ ዓመት ሙሉ አንዴ አላመለጠኝም።»

«ዘንድሮስ?»

«ዘንድሮ ማን ልብ አለው? ከእሑድ ጀምሮ ረቡዕ ከፖሊሶቹ ጋር እስክገባ ድረስ ያን ቤት አልረገጥኩም።» ፊቱ ተመልሶ ጠቆረ። «ደግሞ ያቺን ሴትዮ በመኪናሽ እያዞርሽ መሆኑን ለአለቆችሽ ነግሬያለሁ። ምራቅ ተፍታ ልጅ አገኘሁ ያለች ሁሉ ወራሽ ከሆነች አገሩ አለቀ።»

ኢታ እጇን ታጠበች፤ ለጥጃው እንኳን ደስ ያለዎት ብላው ሄደች።

ዓርብ የጎሬቲ አስከሬን ከምርመራ ተመልሶ እንደ አገሩ ወግ እቤቷ አደረ። የሬሳ ሣጥኑ ክፍት ሆኖ ሳሎኑ ውስጥ ተቀመጠ። ጎረቤት ይገባል፣ እጇን ይነካል፣ የማላኪን እጅ ይጨብጣል፣ አዝናለሁ ይላል፣ ሻይና የአሳማ ሥጋ ሳንድዊች ይዞ ስለ ዝናቡ ያወራል። አውቶቡሷ ውስጥ ያደጉ ልጆች አሁን ጎረምሳ ሆነው ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። አንዱ ጎሬቲ የዘገየ ተማሪ ስትጠብቅ አውቶቡሱን እስከ ቤቱ በር ድረስ ወስዳ ጥሩንባ ትነፋ እንደነበር ሲናገር ሰዉ ሳቀ። እናቷ ይህንን ከአጥር ውጭ፣ እሾሁ ዛፍ ሥር፣ በብርድ ቆማ ነው የሰማችው። ማላኪ እንዳትገባ በር ላይ ሰው አቁሟል።

ሰዉ እየሳሳ ሲሄድ ኢታ መጣች። የዴሊያን ክንድ ይዛ በቆመው ሰው በኩል አለፈች፤ ሰውየው መታወቂያዋን አይቶ ገለል አለ። ጫማዋን አወለቀች። በማዕድ ቤቱ ውስጥ ከዴሊያ ሌላ ለለቅሶ የመጡት ዶክተር ታይናን፣ ሲስተር ቤኒግነስና ማላኪ ብቻ እንዲቀሩ አደረገች። ጎረቤቶቹ ሳሎን ውስጥ ሆነው ይሰማሉ፤ በሩ ክፍት ነበር።

«የምነግራችሁ ቀላል ነው» አለች። «ጎሬቲ ማክሰኞ ማታ በዚህ ምድጃ ድንጋይ ላይ ተገፍትራ ሞተች። ገዳይዋ ደንግጦ ሸሸ። ጎህ ሳይቀድ ግን ተመልሶ መጣ። ድንጋዩን አጠበ፤ ከደረጃ የወደቀች እንድትመስል ጎትቶ ወሰዳት፤ የወደቀችበት አመድ ግን ጀርባዋ ላይ ቀረ።»

«ተመልሶ መምጣቱን በምን አወቅሽ?» አለ ዶክተሩ።

«በጨርቁ። ማታ ጎሬቲና እናቷ እሾሁ ዛፍ ላይ አሰሩት። እኔ ስመጣ የኋላ ክፍል ውስጥ ተሰቅሎ ይንጠባጠብ ነበር። ዝናቡ የጀመረው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ጎሬቲ ሞታለች። የሞተ ሰው ጨርቅ አያስገባም። ያስገባው ከዝናቡ በኋላ፣ ዴሊያ ከመምጣቷ በፊት እዚህ የነበረ ሰው ነው።»

ማላኪ የሻይ ኩባያውን አስቀመጠ። «እሷ ራሷ አስገብታው ይሆናላ። ያሰረችው እሷ ናት።»

«የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት ሌሊት በሩን ቆልፋ ታድራለች። ጠዋት የከፈተችላት እሷ ናት፤ እስከ አጥሩ በርም የሸኘቻት እሷ ናት። ዛፉ ያኔ ባዶ ነበር። ዶክተሩ በብረት እየተደገፈ ሬሳ አይጎትትም፤ ሲስተርም ከወንበሯ አትነሳም።» ኢታ ወደ ማላኪ ዞረች። «የገደለ ሰው በጨለማ ሊሸሽግ ሲመጣ ጨርቅ አያስብም። እጁ ነው ያሰበለት። በብሪጂድ ቀን ጠዋት በዚያ በር አልፎ፣ ጨርቁን ከዛፉ ፈትቶ፣ በእናቱ ክፍል ሚስማር ላይ መስቀል ልማዱ የሆነ አንድ ሰው ብቻ ነው ያለው። እርስዎ ነዎት የነገሩኝ፣ ጥጃው ሲወለድ።»

ማላኪ ወደ ኋላ ክፍሉ በር ተመለከተ። ሰቅሎት እንደነበር ያን ጊዜ ገና ያስታወሰ ይመስል ነበር።

«ለምን?» አለ አንድ ሰው ከሳሎን።

«እሱን ዶክተሩ ይንገረን» አለች ኢታ። «ማክሰኞ ምን አልካት? እዚህ ሬሳዋ ፊት ምስጢር የለም።»

ዶክተር ታይናን የብረት ድጋፉን አጥብቆ ያዘ። «ለዚህ ቤት ያመጣሁት እሷን ብቻ እንዳልሆነ ነገርኳት። ከሷ በፊት ወንዱን አምጥቻለሁ። በአሥራ ዘጠኝ ስልሳ አራት።»

ማላኪ ላቬል፣ የኮረብታው ላቬል፣ በየስብሰባው ሰባት ትውልድ እያለ የሚቆጥረው ሰው፣ ቁጭ አለ።

«ደስ ብሏት ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «ስልክ ደውላ ና አለችኝ። አቀፈችኝ። ሁለታችንም አንድ ነን፣ አንተም እናት አለችህ፣ ነገ አብረን እንፈልጋታለን አለችኝ። ለአገሩ ሁሉ ልትናገር ነበር። ዝም በይ አልኳት። እየሳቀች ነበር። ገፋኋት።»

ሲስተር ቤኒግነስ መስቀሏን ጨብጣ ጸሎት ጀመረች። ዴሊያ ጸሎቱን አቋረጠቻት።

«ዝም በይ» አለች። ድምፅዋ ከፍ አላለም። ከዚያ ወደ ሐኪሙ ዞረች። «የሱ እናት ስሟ ማን ነው?»

ማንም ያልጠበቀው ጥያቄ ነበር። ማላኪ ራሱ ቀና አለ።

«አላስታውስም» አለ ዶክተሩ።

«አንተ ነህ ከእቅፏ የተቀበልከው።»

«ብዙ ነበሩ፣ ልጄ።»

«ልጅህ አይደለሁም። ስሟን ንገረው። የት አገር ሰው ነች? ፀጉሯ ምን ይመስል ነበር? ስትሰጥህ አለቀሰች ወይስ እንደኔ ጥሩ ልብስ አልብሺው ብላችሁ አታለላችኋት? አንድ ነገር ንገረው። ልጄን ገድሎብኛል፣ ገሀነም ይግባ፤ ግን እሷ የትም ሆና ትጠብቀው ይሆናል፤ እኔ ስጠብቅ ኖሬ አውቀዋለሁ። ስሟን።»

ዶክተሩ ወለሉን አየ። ማላኪ ትንሽ ጊዜ አፉን አፉን ሲያየው ቆየና መልስ እንደማይመጣ ሲገባው እጁን ለኢታ ዘረጋ። ካቴና አላስገባችበትም። ክንዱን ይዛ ስታወጣው ጎረቤቶቹ ገለል አሉ፤ እጁን የጨበጠው አልነበረም።

ዴሊያ ወደ ሳሎን ገባች። ሣጥኑ ራስጌ የነበረውን የማላኪን ወንበር ከአውቶቡሱ ልጆች አንዱ ጠጋ አደረገላት። ተቀመጠች። ሰዉ አዲስ እንደመጣ ሆኖ እንደገና ተሰለፈ፤ አንድ በአንድ እጇን እየጨበጠ፣ ስለ ልጅሽ አዝናለሁ አላት።

ማላኪ ተፈርዶበት ታሰረ፤ ስለ ራሱ ልደት ያቀረበው ማመልከቻ እስካሁን መልስ አላገኘም። ዶክተር ታይናን አልተከሰሰም። ጎሬቲ በዴሊያ ወላጆች መቃብር ተቀበረች። በዓመቱ ፍርድ ቤት የልደት መዝገቧ እንዲታረም አዘዘና እናቷ ዴሊያ ማልኩዊን ተብሎ ተጻፈ። የሞት መዝገቧን የሚይዘው ግን ሌላ ክፍል ነው፤ እዚያ ዛሬም የላቬሎች ልጅ ናት።